ፕሬድኒሶሎን ያመጣው ክብደት፦ መድኃኒቱ እየቀነሰ ኪሎው ለምን አይወርድም?

የሐይቅ_ዳር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34፣ ቁመቴ 1.62 ነው። ኔፍሮቲክ ሲንድረም፣ ማለትም ፕሮቲን በሽንት የሚፈስበት የኩላሊት ሕመም፣ ተብዬ ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ ክኒን በቀን 60 ሚሊግራም ተጀመረልኝ። አሁን አምስተኛ ወሩን ይዟል። 10 ሚሊግራም ደርሻለሁ፤ ከዚህ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ 2.5 እየቀነስኩ እንድሄድ ታዟል። የሽንት ፕሮቲኑ ጠፍቷል፣ የኩላሊት ሥራ የሚለካበት ክሬቲኒኔም ደህና ነው።

ከ58 ኪሎ ተነስቼ 74 ገብቻለሁ። ፊቴ ድቡልቡል ብሏል፣ ቦርጭ አውጥቻለሁ፣ ከማጅራቴ በታች ጉብ ያለ ነገር አለ። እግሮቼ ግን ሰልለዋል፤ ደረጃ ስወጣ ጭኖቼ ይዝላሉ። ከዓመታት በፊት ወፍሬ ራት በመተውና ጠዋት በመሮጥ ቀንሼ ነበር። አሁን በዚያው መንገድ ስሞክር ሚዛኑ ንቅንቅ አይልም።

ማወቅ የምፈልገው፦ ይህ ውሃ ነው ወይስ ስብ? ምን ያህል ልብላ? ፍልሰታ እየመጣ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብጾም ይጠቅመኛል? ጎረቤቶቼ ላሲክስ ወይም የማቅጠኛ ሻይ ውሰጂ ይሉኛል። ደግሞስ 10ሩን ዛሬውኑ ባቆመው ክብደቱ ቶሎ አይወርድም?


ብልቃጥ (ፋርማሲስት)

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ጉዳት የሚያመጣው እሱ ነው። አታቁሚ፣ ከታዘዘልሽ ፍጥነትም አትለፊ።

ከኩላሊት አናት ላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች በየቀኑ ኮርቲሶል የተባለውን የሰውነት ስቴሮይድ ሆርሞን ያመርታሉ። መጠኑ በፕሬድኒሶሎን ሲሰላ 5 ሚሊግራም አካባቢ ነው። አምስት ወር ሙሉ ከዚያ በላይ ከውጭ ስለገባልሽ ዕጢዎቹ ሥራ ፈትተዋል። ከ60 ወደ 10 ስትወርጂ ብዙም ያልተሰማሽ የሚገባው መድኃኒት ያኔም ከሰውነትሽ ፍላጎት በላይ ስለነበረ ነው። አስቸጋሪው ከ5 በታች ያለው መንገድ ነው፤ እዚያ የጎደለውን ዕጢዎቹ ራሳቸው መሙላት አለባቸው፣ ለመንቃት ደግሞ ከሳምንታት እስከ አንድ ዓመት ሊፈጅባቸው ይችላል። በድንገት ሲቆም ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ ከመቀመጫ ሲነሱ ማዞር፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ይመጣል። ሲብስ የደም ግፊትና የደም ስኳር ወርዶ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል፤ ይህ የአድሬናል ቀውስ ይባላል። በዚህ መሃል ኪሎ ቢወርድ መቅጠን አይባልም፣ ሕመም ነው።

ክኒኑን እያስመለሰሽ ከሆነ ወይም ከባድ ትኩሳት ከያዘሽ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂጂና ስቴሮይድ ላይ መሆንሽን ተናገሪ። መጠኑ ለጊዜው ከፍ ሊደረግ ወይም ሃይድሮኮርቲዞን በመርፌ ሊሰጥሽ ይችላል። ጨርሰሽ ካቆምሽም በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ቀዶ ሕክምና ለሚያደርግልሽም ሆነ ለሚያክምሽ ሁሉ ይህንኑ ንገሪ።

5 ወይም ከዚያ በታች ስትደርሺ ሐኪምሽ የጠዋት ኮርቲሶል ምርመራ ሊያዝልሽ ይችላል። ደሙ የሚቀዳው ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ የዕለቱን ክኒን ሳትውጪ፣ ካለፈው ክኒን ቢያንስ 24 ሰዓት ሞልቶ። ምርመራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው ክኒኑን ውጦ ይሄዳል፤ ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በብዙ መመርመሪያዎች ኮርቲሶል መስሎ ስለሚነበብ ውጤቱ በሐሰት ያምራል። መለኪያው ማይክሮግራም በዴሲሊትር ከሆነ ከ10 በላይ የሆነ ውጤት ዕጢው መንቃቱን ያሳያል፣ ከ5 በታች ከሆነ ገና ነው። መካከል ላይ ከዋለ መጠኑ ባለበት ይቆይና ምርመራው ከሳምንታት በኋላ ይደገማል።

ላሲክስ ውሃ ያስሸናል፣ ስብ አይነካም። በሁለት ቀን የወረደው ኪሎ ውሃ ስትጠጪ ተመልሶ ይመጣል። ፕሬድኒሶሎን ራሱ ፖታሲየም ያወርዳል፣ ላሲክስም እንዲሁ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የጡንቻ መኮማተርና የልብ ምት መዛባት ሊከተል ይችላል። እግሮችሽ አሁንም እየዛሉ በላዩ ላይ ይህን አትጨምሪበት። ሕመሙ ሲጀምር ለእብጠቱ በሐኪም ታዞልሽ ከነበረ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። የማቅጠኛ ሻዮች አብዛኛውን ጊዜ ሴና የሚባለው ቅጠል አለባቸው። ሆድ ያስቀምጣሉ፣ እነሱም ፖታሲየም ያስወጣሉ፤ ስቡ ግን ባለበት ይቀመጣል።

ውሃና ስብን ለመለየት ቤትሽ ልታደርጊው የምትችይው ነገር አለ። ከቁርጭምጭሚትሽ ጥቂት ከፍ ብለሽ በፊት በኩል ያለውን የእግር አጥንት በአውራ ጣት አሥር ሰከንድ ያህል ተጫኚው። ጣትሽን ስታነሺ ጎድጎድ ያለ ምልክት ከቀረ ውሃ አለ ማለት ነው። ሽንትሽ ቶሎ የማይጠፋ አረፋ ካበዛ፣ ጠዋት ስትነሺ የዓይንሽ ቆብ ካበጠ፣ ወይም በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ያህል ከጨመርሽ ሕመሙ አገርሽቶ ሊሆን ስለሚችል ስለ አመጋገብ ከማሰብሽ በፊት የሽንት ፕሮቲን ተመርመሪ። ያንቺ ሽንት ንጹሕ ከሆነና እግርሽም ካልጎደጎደ ትርፉ ኪሎ አብዛኛው ስብ ነው። ፊትሽና ማጅራትሽ ላይ ያለው ስቴሮይዱ ቦታ አዛውሮ ያከማቸው ስለሆነ በስፖርት ለይተሽ አታወርጂውም። መጠኑ ዝቅ ሲል በወራት ውስጥ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ፊት ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይመለሳል።


አቼቶ_በሎሚ

ይህን ሁሉ ምን አስጨነቃት? ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በሎሚና በሞቀ ውሃ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ፌጦ። በወር ውስጥ ልዩነቱን ታየዋለች።


ብልቃጥ

ሎሚም አቼቶም ስብ አያቀልጡም። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ጨጓራውን መጠበቅ አለበት፤ ጠዋት በባዶ ሆድ አሲድ ማስቀደም የሚመከር አይደለም። ለራስ ምታት ወይም ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መዋጥም እንደዚያው ነው፤ ከስቴሮይድ ጋር የጨጓራ ቁስልና መድማት ያፋጥናሉ፣ ለዚህች እህት ደግሞ ለኩላሊቷም አይሆኑም። ሎሚውን ሰላጣ ላይ ትጭመቀው፤ እዚያ ጨው ይቀንስላታል።


የሽሮ_ድስት (የሥነ ምግብ ባለሙያ)

እህቴ፣ የድሮው ዘዴሽ ያልሠራው ሰውነትሽ ያኔ የነበረው ስላልሆነ ነው። ስቴሮይድ ረሃብ ይጨምራል፣ ጡንቻ ያፈርሳል፣ ስብን ወደ ሆድ ይሰበስባል። እግርሽ መስለሉ ያ ነው። ጡንቻ እያነሰ ራት ስትተዪ ሰውነት የጎደለውን ከቀረው ጡንቻ ይወስዳል፤ ሚዛኑ ትንሽ ቢወርድ እንኳ ቦርጩ ባለበት፣ ጉልበትሽ ግን የለም።

በቁመትሽ፣ በዕድሜሽና በአሁኑ ክብደትሽ ቀለል ያለ ሥራ ለምትሠራ ሴት በቀን 1,900 ካሎሪ ገደማ ክብደትን ባለበት ያቆያል። 1,400 እስከ 1,500 ብትበዪ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ቢበዛ ትቀንሺያለሽ። ከ1,200 በታች አትውረጂ። የፕሬድኒሶሎኑ መጠን 10 እና ከዚያ በላይ እያለ ኪሎው ሳይጨምር መቆሙ ራሱ ጥሩ ውጤት ነው፤ ደህና አድርጎ የሚወርደው መድኃኒቱ ሲያልቅ ነውና ለ16ቱ ኪሎ ከስምንት ወር እስከ አንድ ዓመት መድቢለት።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ። አንድ ሙሉ የጤፍ እንጀራ ብዙ ጊዜ ከ300 ግራም በላይ ይመዝናል፣ በ100 ግራም ደግሞ 150 ካሎሪ ገደማ አለው። ያንቺ ምጣድ ስንት ግራም እንደሚያወጣ በኩሽና ሚዛን አንድ ጊዜ መዝኚና ከዚያ በዓይን መገመት ትችያለሽ። በአንድ ማዕድ 100 ግራም፣ ማለትም የሙሉ እንጀራ ሲሶ፣ ከበቂ ወጥ ጋር ይብቃሽ። ከአንድ ትሪ በጋራ ሲበላ ግን ማንም የበላውን አያውቅም፤ ለጊዜው ድርሻሽን በሳህን አስቀድመሽ አውጪ። ጉርሻ ይቀርብኛል ካልሽ እሱንም ከድርሻሽ ላይ ቁጠሪው።

ከእንጀራ ይልቅ የሚያወፍረው ዘይቱ ነው፣ ይህን ማንም ማመን አይፈልግም። አራት ሰው ያለበት ቤት በወር አምስት ሊትር ዘይት ከጨረሰ ለአንድ ሰው በቀን 41 ሚሊሊትር ይደርሳል። ይህ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሲሆን 340 ካሎሪ ገደማ ነው። በግማሽ መቀነስ ብቻውን 170 ካሎሪ ያተርፍልሻል፣ ያለ አንዳች ረሃብ። ሽንኩርቱን ለዶሮ ወጥ እንደምታደርጊው በደረቁ አቁላዪው። ሲይዝብሽ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ውሃ ጨምሪ፤ በርበሬው ሲገባም በውሃ አብስዪው። ዘይቱን ወጡ ሊወጣ ሲል በማንኪያ ለክተሽ ጨምሪ። መጀመሪያ ላይ የሚገባው ዘይት ሁሉም ተመጥጦ ስለማይታይ እጅ ይደግመዋል፤ መጨረሻ ላይ የገባ ግን ላዩ ላይ ይታያል።

ሻይ ሌላው ነው። በስኒ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ በቀን አራት ስኒ፣ 190 ካሎሪ ይሆናል። በአንድ ጊዜ መተው ለብዙ ሰው አይሆንለትም፤ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሺ። ከቡና ጋር የሚቀርበው ቆሎ ጤናማ ነው ተብሎ ሳይቆጠር ይበላል፤ 50 ግራሙ ከ180 ካሎሪ አያንስም።

ጨው በቀን ከአንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም ከ5 ግራም፣ አይለፍ፤ ላንቺ ደግሞ ለኩላሊቱም ለእብጠቱም ነው። ችግሩ ጨው የሚገባው ከድስቱ በፊት መሆኑ ነው። በርበሬና ምጥን ሽሮ ብዙ ቤት ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ያንን የማያውቅ ሰው እንደገና ይጨምራል። ያዘጋጀችልሽን ጠይቂያት። የሾርባ ኩብም ዋናው ጨው ነው። ገበያ ላይ «ዝቅተኛ ሶዲየም» ተብለው የሚሸጡት አንዳንድ ጨዎች በፖታሲየም የተተኩ ስለሆኑ የኩላሊት ሕመምተኛ ሐኪም ሳይጠይቅ አይግዛቸው።

ፕሮቲን ላይ ጠንቀቅ በይ። ለሌላ ስቴሮይድ ወሳጅ እስከ 1.2 ግራም በኪሎ ይባላል፤ አንቺ ግን ኔፍሮቲክ ስለሆንሽ 0.8 እስከ 1 ግራም በኪሎ ይበቃሻል። ይህን በድሮው ክብደትሽ ካሰላነው ከ46 እስከ 58 ግራም ነው። ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ 200 ግራም እንጀራ 8 ገደማ፣ 150 ግራም የበሰለ ምስር 13፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ ጭብጥ የማትሞላ ቀይ ሥጋ 13 ያህል። ተደምሮ 54 ነው። የጂም ፕሮቲን ዱቄት አያስፈልግሽም፤ ቢሰጡሽም አትውሰጂ።

ረሃቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላና ማታ ከሆነ ትልቁን ማዕድ ምሳ ላይ አድርጊው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጎመን፣ ፎሶሊያ ወይም የአትክልት ሾርባ ቅደሚ። ቤት ውስጥ ዳቦና ብስኩት በቅርብ ካለ ስቴሮይድ ላይ ያለ ሰው በፈቃደ ኃይል አያሸንፈውም። አታስቀምጪው።

ስለ ፍልሰታ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን አሁን አልመክርሽም። ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው። ወደ ከሰዓት ካዘዋወርሽው እንቅልፍ ይነሳሻል፣ በባዶ ሆድ ከወሰድሽው ጨጓራ። ከ5 በታች ስትገቢ ደግሞ ረጅም ሰዓት ያለ ምግብና ውሃ መቆየት የደም ስኳርና ግፊት ያወርዳል። መድኃኒት ላይ ላለ ሰው የሰዓቱን ነገር የንስሐ አባትሽ ያቀልሉልሻል፤ ጠይቂያቸው። የምግቡን ዓይነት መጾም ግን ይቻላል። ሰው በጾም የሚወፍረው ፓስታ፣ ዳቦ፣ ሳምቡሳና በዘይት የተነከረ ፍርፍር ስለሚያበዛ ነው። በጾም ቀን 200 ግራም እንጀራ፣ 150 ግራም የበሰለ ምስር፣ በ50 ግራም ዱቄት የተሠራ ሽሮ፣ 100 ግራም የተቀቀለ ባቄላ፣ 30 ግራም ለውዝ ብትበዪ ፕሮቲኑ 45 አካባቢ ይደርሳል። ረመዳን ለሚጾሙ አንባቢዎችም ያው ነው፦ መጠን እየቀነሱ ባሉበት ወር ውሎ መጾም ሐኪም ሳይጠየቅ አይጀመር።


ጉልበት (ፊዚዮቴራፒስት)

ጭኖችሽ የሚዝሉት የስቴሮይድ የጡንቻ መድከም ስለሚመስል ሩጫውን ለጊዜው አቆዪው። ስቴሮይድ በመጀመሪያ የሚያጠቃው ዳሌና ጭን፣ ትከሻና ክንድ ነው። የደከመ ጭን ጉልበትን መያዝ ስለማይችል፣ በ16 ኪሎ ትርፍ ላይ ሩጫ ቢጨመር መጀመሪያ የሚጎዳው ጉልበት ነው።

መለኪያ ይኑርሽ። መደገፊያ ያለው፣ ከወለል 45 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ያለ ወንበር ግድግዳ ላይ አስጠጊ፣ እጆችሽን ደረትሽ ላይ አጣምሪ፣ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ተነስተሽ እንደምትቀመጪ ቁጠሪና ጻፊው። በየሁለት ሳምንቱ ድገሚው። ሚዛኑ ቆሞ ይህ ቁጥር ከጨመረ ጡንቻ እየተመለሰ ነው።

ሥራው በሳምንት ሦስት ቀን ነው፣ በመካከሉ አንድ ቀን እያረፍሽ። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ስምንት ጊዜ፤ ስትቀመጪ ሦስት ቆጥረሽ በዝግታ ውረጂ እንጂ አትውደቂ፣ ጡንቻ ሲወርድም ይሠራል። ቀጥሎ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት አሥር ጊዜ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍታ ያላት ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ በእያንዳንዱ እግር ስምንት፣ ጠረጴዛ ይዞ በእግር ጣት መቆም አሥር። አንድ ሁለት ደቂቃ አርፈሽ ዙሩን ሁለት፣ ሲለምድሽ ሦስት ጊዜ ድገሚው። 12 መድገም ሲቀልልሽ ቁጥሩን ከመጨመር ክብደት ጨምሪ። በመጀመሪያ በሁለት እጅ የአንድ ሊትር ሃይላንድ፣ ቀጥሎ አምስት ሊትር ውሃ የያዘ የዘይት ጀሪካን ደረትሽ ላይ አቅፈሽ። በሌሎቹ ቀናት 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፤ መናገር የምትችይበት፣ መዝፈን ግን የማትችይበት ፍጥነት።

የማይደረገው፦ ቦርጭ ለማጥፋት በጀርባ ተኝቶ መነሳት። ስቴሮይድ አጥንት ያሳሳል፤ ወገብን አጉብጦ መታጠፍ ለጀርባ አጥንት መሰበር ያጋልጣል፣ ቦርጭም አያጠፋም። ጀሪካን ከመሬት ስታነሺም ጉልበትሽን እጠፊ እንጂ ወገብሽን አታጉብጪ። ስለ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሐኪምሽን ጠይቂው።

አንድ ምልክት ልብ በይ። ስትረግጪ ብሽሽትሽ ውስጥ የሚያም፣ ከቀን ወደ ቀን የሚብስ ሕመም ካለ የጡንቻ ነው ብለሽ አትለፊው። ስቴሮይድ የዳሌ አጥንት ራስ ደም እንዲያጥረውና እንዲሞት ሊያደርግ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ተራ ራጅ ንጹሕ ሊመስል ስለሚችል ኤምአርአይ ያስፈልጋል። እስኪታወቅ ድረስ እርምጃውንም አቁሚ።

ሩጫው መቼ ይመለስ? በአንድ እግር ደረጃ አሥር ጊዜ ሳትይዢ መውጣት ስትችይ፣ በሣር ወይም በአፈር ላይ አንድ ደቂቃ እየሮጥሽ ሁለት ደቂቃ እየተራመድሽ ጀምሪ። አስፋልቱ ይቆይ።


የሐይቅ_ዳር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ተጫንኩት፣ እግሬ አልጎደጎደም። ሁለት ነገር ልጨምር። ጠዋት ምግብ ሳልበላ የተመረመርኩት ስኳር 92 ነው፣ ስለዚህ ስኳር የለብኝም ማለት ነው አይደል? አሜሪካ ያለች ዘመዴ ደግሞ ኦዜምፒክ የሚባለውን የስኳርና የማቅጠኛ መርፌ በሰው ልላክልሽ ትላለች።


ብልቃጥ

የ92ቱ ምርመራ አይዋሽም፣ ግን የተሳሳተ ሰዓት ላይ ነው የተደረገው። ጠዋት የተዋጠ ፕሬድኒሶሎን ስኳርን በብዛት ከፍ የሚያደርገው ከሰዓት በኋላ ነው፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህ ምሳ በልተሽ ልክ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ተለኪ። ከ140 በታች ከሆነ መልካም፤ ከ140 በላይ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በተለይ ውሃ ጥምና የሽንት መደጋገም ካለሽ፣ ሳታሳድሪ። የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ምርመራም ይረዳል፤ የደም ማነስ ካለሽ ግን ሊያሳስት ይችላል።

ኦዜምፒክን አሁን አልደግፈውም። በቁመትሽ ስናሰላው ቢኤምአይሽ፣ ማለትም ክብደት ከቁመት ጋር የሚመዘንበት ቁጥር፣ 28 ነው፤ አብዛኛው ትርፍ መድኃኒቱ ሲቆም የሚወርድበት ዕድል አለ። መርፌው የምግብ ፍላጎት ሲቀንስ ከስቡ ጋር ጡንቻም ይወስዳል፣ አንቺ ደግሞ የምትተርፍ ጡንቻ የለሽም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማስመለሱ ነው፦ ከ5 በታች እያለሽ ሁለት ቀን ብታስመልሺ ፕሬድኒሶሎኑም አብሮ ይወጣል፣ ከላይ ያልኩት የአድሬናል ቀውስ የሚመጣው እንዲህ ነው። ያልተከፈተው እስክሪብቶ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ዕቃ ነው፤ በሻንጣ ሰዓታት ተጉዞ የመጣውን ማንም ደህና ነው ብሎ ሊያረጋግጥልሽ አይችልም። ልጅ የምታስቢ ከሆነም ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት መቆም አለበት። ስቴሮይዱ አልቆ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ክብደቱ ባለበት ከቆየ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት።


ሉፐስ_ሐ

እኔ ለሉፐስ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን ለሚያጠቃበት ሕመም፣ ስለምወስደው ማቆም አይቻልም ተብያለሁ። ለኔስ?


ብልቃጥ

የምግቡና የእንቅስቃሴው ነገር ለእርስዎም ያው ነው፤ የፕሮቲኑን ልክ ግን ኩላሊትዎ ተነክቶ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚያውቀው ሐኪም ይወስን። ሐኪምዎን የሚጠይቁት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ «ስቴሮይዱን የሚያሳንስ መድኃኒት ሊጨመርልኝ ይችላል?» ይበሉ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ አዛታዮፕሪን፣ ማይኮፌኖሌት እና ሜቶትሬክሴት ለዚህ የሚውሉ ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ክትትል አለው፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ለእርጉዝ አይሰጡም። በቀን 5 እና ከዚያ በታች መድረስ ከተቻለ የረሃቡ ጫና በጣም ይቀልላል።


የሽሮ_ድስት

አንድ የተረሳ ነገር ልጨምር። ፕሬድኒሶሎኑን ጨርሰው ወራት ካለፉ በኋላም ፊታቸው የማይመለስ ሰዎች አሉ። ያኔ ሌላ ስቴሮይድ በሌላ በር እየገባ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በመገጣጠሚያ የሚሰጥ ኬናኮርት መርፌ ለሳምንታት በሰውነት ይቆያል። ለቁርጥማት ተብለው በኢንተርኔት የሚሸጡ «ተፈጥሯዊ» ክኒኖችም አሉ፤ በ2022 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ አርትሪ ኪንግ በተባለው ውስጥ በማሸጊያው ያልተጻፈ ዴክሳሜታዞንና ዳይክሎፌናክ እንዳለ አስጠንቅቋል።

ከሁሉም የሚረሳው ፊት ለማቅላት የሚቀባው ነው። ቱቦው ላይ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የሚል ካለ ስቴሮይድ ነው፤ በሰፊው በየቀኑ ሲቀባ ወደ ደም ይገባል፣ አድሬናልንም ያስተኛል። ምንም ያልተጻፈበት፣ በጓዳ ተደባልቆ በትንሽ ቆርቆሮ የሚሸጠው ደግሞ ይባስ አጠራጣሪ ነው። ቱቦውን ወይም ቆርቆሮውን ይዛችሁ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ። ለወራት የተቀባ ብርቱ ክሬም በአንድ ቀን ሲተውም ቆዳው ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ እሱም በሐኪም እጅ ቀስ እየተባለ ነው የሚቆመው።